የእድሩን ዳኝነት ሳስረክብ ያደረግኩት ንግግር

እንደምን ዋላችሁ እናቶቼ አባቶቼ፣ ወንድም እህቶቼ። ወንበር ያልደረሳችሁ ልጆች ምንጣፉ ላይ ተጠጋግታችሁ ተቀመጡ፣ ትንሽ ላስቆያችሁ ነው።

ስለ ህይወትህ ተናገር ብላችሁኛል፣ እሺ። እኔ ግን የማወራው ስለ ውሃ ነው፣ ምክንያቱም ስራዬም ትዳሬም የቀበሌውም ጣጣ ዞሮ ዞሮ እዛው ነው የሚገባው።

የተወለድኩት 1950 ዓ.ም ወንጂ ካምፕ ውስጥ ነው። አባቴ ከከምባታ ለሸንኮራ ቆረጣ የመጣ ሰው ነው፣ ፋብሪካው 1946 ዓ.ም ስራ ሲጀምር ሰው ከየአገሩ ይጎርፍ ነበርና እሱም ከአብሮ አደጎቹ ጋር መጣ፣ በዛው ቀረ። ፋብሪካው ያኔ የሆላንዶቹ ነበር፣ በ1967 እስኪወረስ ድረስ። የምንጠጣው የጉድጓድ ውሃ ነው፣ ጥርት ያለ፣ ሽታ የለው ምን የለው፣ ይሄ ይጎዳኛል ብሎ የሚጠረጥር ሰው አልነበረም። የካምፑ ልጅ ግን ጥርሱ ቡናማ ነው፣ እኛ አፋችንን በእጃችን ሸፍነን እየሳቅን ነው ያደግነው። ቤቴ የመጣችሁ የሰርጌን ፎቶ አይታችኋል፣ እሷ ትስቃለች እኔ ከንፈሬን ገጥሜ ቆሜያለሁ። የተቆጣ ሰው እመስላለሁ፣ በህይወቴ ግን እንደዛ ቀን ተደስቼ አላውቅም።

የጥርሱስ ይሁን። አባቴ ጡረታ ሲወጣ አንገቱን ማዞር አይችልም ነበር። ሰው ከኋላ ሲጠራው ቆም ይልና መላ አካሉን ነበር የሚያዞረው፣ ጎንበስ ማለት ስለማይሆንለት የጫማውን ማሰሪያ የማስርለት እኔ ነበርኩ። ጥርሳችንን ያበላሸው የጉድጓዱ ውሃ ውስጥ ያለ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ነው፣ አጥንት ውስጥ ለአመታት ሲጠራቀም ደግሞ አከርካሪን እንደዛ ነው የሚያደርቀው። አባቴ ግን እስኪሞት ድረስ የቆረጣ ድካም ነው ይል ነበር።

በዚህ ምክንያት ነው ኬሚስትሪ ያጠናሁት ብል ውሸት ነው፣ የደረሰኝ ዲፓርትመንት እሱ ስለሆነ ነው። ግን እዚህ አዳማ ተመድቤ፣ ያኔ ናዝሬት ነበር የምንላት፣ ማስተማር ስጀምር ፍሎሪን ላይ በደረስኩ ቁጥር የአባቴ አንገት ነው ትዝ የሚለኝ። 37 አመት አስተማርኩ። ያኔ ክፍል ውስጥ የምለውን ዛሬም ልበለው፣ አሁንም የሚሳሳት አለና፤ ውሃ ማፍላት ፍሎራይድን አያጠፋም። ጀርሙን ይገድላል፣ እሱ ጥሩ ነው፣ ፍሎራይዱ ግን ድስቱ ውስጥ ይቀራል፣ ውሃው በተነነ ቁጥር እንደውም ይበዛል። የአለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም አይለፍ ይላል፣ በኛ ስምጥ ሸለቆ ከ10 በላይ የተለካ ጉድጓድ አለ፣ አለቱ የእሳተ ገሞራ ስለሆነ ነው። የልጅ ጥርስ ደግሞ የሚበላሸው ገና ድድ ውስጥ ሲሰራ ነው፣ እስከ 8 አመት ገደማ። ከዛ በኋላ የፈለገ ንጹህ ውሃ ቢያጠጡት አይመለስም።

አሁን የከበደኝን ልናገር። ቀበሌ ምክር ቤት ሁለት ዙር መርጣችሁኛል። አንድ ማታ ከነዋሪው የተዋጣ ብር ቀረበ፣ የቧንቧው መስመር ወደ ላይኛው ሰፈር ይቀጥልበት ወይስ አዳራሹ ይታደስበት ተባለ። ስለ ፍሎራይድ 20 አመት ያስተማርኩት እኔ አዳራሽ ብዬ እጄን አወጣሁ። ለምን? ስብሰባው አምሽቷል፣ የሚበዛው ሰው አዳራሽ ብሏል፣ ብቻዬን መቃወም ከበደኝ፣ በቃ ይሄው ነው። መስመሩ የገባው ከ4 አመት በኋላ ነው። በዛ 4 አመት ውስጥ የላይኛው ሰፈር ህጻናት የነበሩት ዛሬ ትላልቅ ሰዎች ናቸው፣ አንዳንዶቻችሁ እዚሁ ተቀምጣችኋል፣ ስትስቁ እጃችሁ ወዴት እንደሚሄድ አያለሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ። ይሄን ሳልናገር ይሄን መዝገብ ማስረከብ አልቻልኩም።

የልጆቼ እናት፣ አንቺንም። እኔ ስለ ውሃ ስሰበሰብ ውሃውን የቀዳሽው አንቺ ነሽ። ከሌሊቱ 10 ሰአት ተነስተሽ ቢጫ ጀሪካንሽን ቦኖ ላይ ታሰልፊያለሽ፣ ያውም አራስ ሆነሽ ጭምር፣ እኔ ደግሞ ጠዋት በንጹህ ሸሚዝ ቃለ ጉባኤ ላነብ እሄዳለሁ። ሸሚዙ በምን እንደታጠበ አንድ ቀን ጠይቄሽ አላውቅም። ትልቋ ልጄም አንድ ማታ የሂሳብ ደብተሯን አቅፋ በር ስር ተኝታ አግኝቻታለሁ፣ እስክመጣ ስትጠብቅ። አንስቼ አስተኛኋት፣ ጥያቄዋን ግን ጠዋትም አላየሁላትም።

ሌላው የሰራሁት ብዙም አይወራለትም፣ ጎረቤት ከጎረቤት በድንበር ሲጋጭ ማስታረቅ፣ ደብዳቤ መጻፍ፣ ቢሮ መመላለስ ምናምን፣ እሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ማህተሙ፣ መዝገቡና የመጋዘኑ ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ከትልቁ ድንኳን አንዱ ጎን ተቀዷል፣ ክረምት ሳይገባ ይሰፋ። አንድ ነገር ግን ልለምናችሁ። ከዳገቱ ስር አዲስ የተሰሩት 7 ቤቶች ቧንቧ ገና አልገባላቸውም፣ የሚጠጡት ግቢያቸው ውስጥ ካስቆፈሩት ጉድጓድ ነው። ቤት ለቤት ሄጄ ቆጥሬያለሁ፣ ከ8 አመት በታች የሆኑ 11 ልጆች አሉ። የእድርተኛ ቤት አይደለም የሚል ይኖራል፣ እውነት ነው አይደለም። ለለቅሶ ብለን የገዛነው ሮቶ ግን መጋዘን ውስጥ ባዶውን ቆሟል፣ ለቅሶ ሲኖር እናነሳዋለን፣ እስከዛው እነሱ ጋር ይቁም፣ የቧንቧ ውሃ በቦቴ ይሞላላቸው። ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት የቦቴውን እኔ ከጡረታዬ እከፍላለሁ፣ ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረናል።

ከተስማማችሁ ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰአት መጋዘኑ በር ላይ እንገናኝ። ጋሪ ተከራይቻለሁ፣ ሮቶውን ለመጫን 4 ጎበዝ ይበቃናል።