ብርድን ሸሽቶ አሪዞና በረሃ መክረም፦ የጡረተኞች የአርቪ ኑሮ

(ምስል፦ ከላይ የተነሳ ሰፊ ሜዳ። በጠጠርና በቁጥቋጦ መሃል ተራርቀው የቆሙ ነጫጭ አርቪዎች፣ ከኋላቸው ዛፍ የሌላቸው ተራሮች።)

በምዕራብ አሪዞና፣ ከፊኒክስ ወደ ሎስ አንጀለስ በሚወስደው ኢንተርስቴት 10 ላይ፣ ኳርትሳይት የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ2020 በተደረገው ቆጠራ የነዋሪዎቿ ቁጥር 2,413 ነበር። ጁላይ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ ከተማዋ ጭር ትላለች። ጃንዋሪ ላይ ብትመጡ ግን ነዳጅ ማደያው ሰልፍ ነው፣ ልብስ ማጠቢያው ሰልፍ ነው፣ ዙሪያውን ያለው በረሃም በራሳቸው በሚሄዱ ወይም በመኪና በሚጎተቱ ባለ ጎማ ቤቶች፣ በአርቪዎች ተሞልቶ ታገኙታላችሁ።

እነዚህ ቤቶች ውስጥ ከሚከርሙት ብዙዎቹ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ናቸው። ከሚኒሶታ፣ ከሰሜን ዳኮታ፣ ከሞንታና፣ ከካናዳም ይመጣሉ። በረዶው ሊጀምር ሲል የቤታቸውን ቧንቧ እንዳይፈነዳ ውሃውን አራግፈው፣ ቁልፉን ለሚያምኑት ሰው ሰጥተው ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። ስኖውበርድ፣ የበረዶ ወፍ ይሏቸዋል። ታኅሣሥና ጥር ላይ እነሱ በመጡበት ሰሜን መንገዱ በረዶ ሲሆን፣ እዚህ ቀኑ ወደ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል፣ ሌሊቱም ብዙውን ጊዜ 5 ዲግሪ አካባቢ ነው። መገጣጠሚያው ለሚያመው ሰው ይህ ልዩነት ትልቅ ነገር ነው።

አሜሪካ ውስጥ ለዓመታት ሠርታችሁ ለጡረታ የተቃረባችሁ፣ ወይም ወላጆቻችሁ የተቃረቡ ከሆነ ይህን ኑሮ በደንብ ማወቅ ይጠቅማል። ፎቶው ላይ የሚታየው ወንበርና የምሽት ፀሐይ ነው። ኑሮውን የሚያቆመው ግን ውሃ ነው፣ ከውሃውም በላይ ሁለቱ ሰዎች አንዳቸው የሌላውን ሥራ ማወቃቸው ነው።

(ምስል፦ ካርታ። ኳርትሳይት፣ ዩማ፣ የኮሎራዶ ወንዝ።)

መጀመሪያ መሬቱ የማን ነው? የፌዴራል መንግሥት ነው። የሚያስተዳድረው ቢሮ ኦፍ ላንድ ማኔጅመንት፣ በአጭሩ ቢኤልኤም የሚባለው መሥሪያ ቤት ነው። በብዙው የቢኤልኤም መሬት ላይ በነፃ መስፈር ይቻላል፤ በተለምዶ በ28 ቀን ውስጥ ከ14 ቀን በላይ አንድ አካባቢ መቆየት ግን አይፈቀድም። ወሩን ሙሉ ከቦታ ቦታ መጎተት ለማይፈልግ ሰው ደግሞ የረጅም ጊዜ ሰፈሮች አሉ። ፕሮግራሙ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው፤ የሚመጣው ሰው በዝቶ በረሃው እንዳይጎዳ ሰፋሪውን በተወሰኑ ቦታዎች ለመሰብሰብ። ከኳርትሳይት በስተደቡብ ያለው ላ ፖሳ እና ዩማ አጠገብ ያለው ኢምፔሪያል ዳም ብዙ ሰው የሚያውቃቸው ናቸው።

ወቅቱ ከሴፕቴምበር 15 እስከ ኤፕሪል 15 ነው። ለዚህ ሁሉ ወር ለብዙ ዓመታት ሲከፈል የኖረው 180 ዶላር ነው፤ ዋጋ ስለሚለወጥ ከመነሳታችሁ በፊት ዩማ ያለውን የቢኤልኤም ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። በዚህ ገንዘብ መብራት አይመጣላችሁም፣ ቧንቧም አይዘረጋላችሁም። ቁጥር ያለው ቦታ የሚመድብም የለም። ከጎረቤታችሁ ቢያንስ 15 ጫማ ርቃችሁ የወደዳችሁት ላይ ትቆማላችሁ። አርቪው ቆሻሻ ውሃውን ራሱ የሚይዝበት ታንከር የተገጠመለት መሆን አለበት።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ደረቅ ወንዝ ውስጥ አትስፈሩ። አሸዋው ለጥ ያለ ስለሆነ ያጓጓል። ሩቅ ተራራ ላይ የጣለ ዝናብ ግን ሰማዩ ጥርት ባለበት ቦታ ጎርፍ ሆኖ ይደርሳል። የድሬዳዋን ደቻቱ የሚያውቅ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም።

(ምስል፦ ሦስት ታንከሮች በሥዕል። ንጹህ ውሃ፣ እጣቢ፣ መጸዳጃ።)

አሁን ወደ ውሃው። አርቪ ሦስት ታንከር አለው። አንዱ ንጹህ ውሃ የሚያዝበት ነው። ሁለተኛው የሳህንና የሰውነት እጣቢ የሚጠራቀምበት። ሦስተኛው የመጸዳጃው ነው። 50 ጋሎን የሚይዝ ንጹህ ውሃ ታንከር ወደ 190 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ክብደቱም 190 ኪሎ ገደማ ነው። ሁለት ሰዎች በቀን 5 ጋሎን እየተጠቀሙ ቢኖሩ 10 ቀን ያደርሳቸዋል። 5 ጋሎን ማለት 19 ሊትር ነው፤ ለመጠጥ፣ ለምግብ፣ ለሳህን፣ ለሻወር፣ ለመጸዳጃ፣ ለሁሉም። ከተማ ውስጥ አንድ ሰው ሻወር ቤት ገብቶ ሳይወጣ ይህን ሊጨርስ ይችላል።

ታዲያ እንዴት ያደርጉታል? ሻወር ላይ ሰውነት ይረጥብና ውሃው ይዘጋል። ሳሙና ይመታል። ከዚያ ይከፈትና ለቅለቅ ይደረጋል፣ በቃ። ሙቅ ውሃው እስኪመጣ የሚወርደው ቀዝቃዛ ውሃ አይፈስም፤ በጆግ ይቀዳና ለቡና ይጣዳል፣ ወይም ለመጸዳጃ ይደፋል። ሳህን ከመታጠቡ በፊት በወረቀት ይጠረጋል፤ ቅባት የነካው ሳህን ብዙ ውሃ ይበላልና። ከጀሪካን ውሃ እየቀዳ ያደገ ሰው ይህን ሁሉ ሲሰማ አዲስ አይሆንበትም። እንዲያውም እኛ ዘንድ ያሉ እናቶች ከእነዚህ ሰዎች በላይ የሚያስተምሩት እንዳላቸው አምናለሁ።

ብዙ ሰው የሚረሳው ግን የሚገባውን ሳይሆን የሚወጣውን ነው። ንጹህ ውሃ ከከተማ በጀሪካን ጭኖ መጨመር ይቻላል። እጣቢው ታንከር ሲሞላ ግን ሻወር ላይ ውሃው ወደ እግር ይመለሳል፤ ያኔ ወደ ማስወገጃ ጣቢያው ከመሄድ በቀር አማራጭ የለም።

(ምስል፦ ጓንት ያደረገች ሴት፣ ወፍራም ቱቦ ከአርቪው ሥር ስትገጥም።)

እዚህ ላይ ቅደም ተከተል አለ። ቱቦው ከአርቪው መውጫ ጋር በደንብ ይቆለፋል፣ ሌላው ጫፍ ወደ ጉድጓዱ ይገባል። መጀመሪያ የሚከፈተው የመጸዳጃው ነው። እሱ ጨርሶ ሲወርድ ይዘጋና የእጣቢው ይከፈታል፤ ሳሙና ያለበት ውሃ ቱቦውን አጥቦት እንዲሄድ። ገልብጦ ያደረገ ሰው ቆሻሻ ቱቦ ተሸክሞ ይመለሳል። ሌላም አለ፦ ሰፈር ላይ ቆማችሁ ሳለ የመጸዳጃው ታንከር መዝጊያ ክፍት መሆን የለበትም። ክፍት ከሆነ ፈሳሹ ብቻ ይወርድና ደረቁ ከታች ይከመራል፣ እየደረቀም ይጠነክራል። ያንን ማስለቀቅ ከባድ ሥራ ነው። ላ ፖሳ ላይ ማስወገጃውም የውሃ መቅጃውም በደቡባዊው ክፍል ስላሉ አንዱ ሲራገፍ ሌላው ይሞላል።

(ምስል፦ ጣሪያ ላይ ያሉ ሶላሮች፣ ወደ ደቡብ ቀና ሲደረጉ።)

መብራቱ ከፀሐይ ነው። የዲሴምበር ፀሐይ እዚህ አገር ከአናት በላይ አትወጣም። ኳርትሳይት ላይ ቀኑ በሚያጥርበት ሰሞን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ከአድማስ ወደ 33 ዲግሪ ብቻ ነው የምትነሳው፤ አዲስ አበባ ላይ በዚያው ቀን 57 ዲግሪ ትደርሳለች። ስለዚህ ጣሪያ ላይ ጠፍጣፋ የተኛ ሶላር እኩለ ቀን ላይ እንኳ የሚያገኘው ወደ ፀሐይዋ ቀና ካለው ግማሽ ያህሉን ነው። በእግሩ ቀና አድርገው ወደ ደቡብ የሚያዞሩት ለዚህ ነው።

ባትሪው ላይ ብዙዎችን የሚያሳስታቸው ማሞቂያው ነው። ማሞቂያው በጋዝ ይሠራል፣ ስለዚህ መብራት አይበላም ብለው ያስባሉ። ሙቀቱን የሚያሰራጨው ማራገቢያ ግን የሚሠራው በባትሪ ነው። ብርዱ በጠናበት ሌሊት ማራገቢያው ሲነሳና ሲቆም አድሮ፣ የድሮው ዓይነት የአሲድ ባትሪ ከሆነ ጎህ ሳይቀድ ይደክማል። እንዲህ ያለው ባትሪ ሳይጎዳ የሚሰጠው ከሚይዘው ግማሹን ገደማ ነው። ሊቲየሙ ይሻላል፣ ዋጋውም የዚያኑ ያህል ነው። በእንቅልፍ ሰዓት የመተንፈሻ መሣሪያ የሚጠቀም ሰው ካለ ይህን ሒሳብ ቤቱ ሳለ ሠርቶ መምጣት አለበት።

እንጀራ የሚጋግር ሰው ካለም እንዲሁ። አሜሪካ ውስጥ የምንጠቀምበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ1,000 እስከ 1,500 ዋት ይወስዳል። 200 አምፔር ሰዓት ያለው ባለ 12 ቮልት ሊቲየም ባትሪ የሚይዘው 2,500 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። አንድ ሰዓት የጋገረ ግማሽ ያህሉን ሊጨርስ ይችላል። ጄኔሬተር አስነስቶ በቀን መጋገር፣ ወይም ከፊኒክስ ገዝቶ መምጣት ይሻላል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ጄኔሬተር አይነሳም፤ የጸጥታ ሰዓት ነው።

(ምስል፦ በድንጋይ የተሠራ ፒራሚድ፣ ጫፉ ላይ የመዳብ ግመል።)

ቀኑስ እንዴት ያልፋል? በእግር በመሄድ፣ በጎረቤት፣ በገበያ። ጃንዋሪ ላይ ትልቅ የአርቪ ባዛር አለ፣ የማዕድንና የድንጋይ ገበያም አለ። ፌብሩዋሪ ላይ ብዙዎች እስከ ቱሳን ድረስ ይሄዳሉ፤ እዚያ በሚደረገው የከበሩ ድንጋዮች ገበያ ላይ ከወሎ፣ ከደላንታ የወጣው ኦፓል ይሸጣል። ወገል ጤና አካባቢ የተገኘ ድንጋይ አሪዞና ላይ አዛውንቶች በማጉያ መነጽር ሲያገላብጡት ማየት ደስ ይላል።

ኳርትሳይት መቃብር ውስጥ ደግሞ ግመል ነጂው ሐጂ አሊ አለ። የአሜሪካ ጦር ግመልን ለበረሃ ጭነት ሊሞክር ሲነሳ፣ እ.ኤ.አ. በ1856 ከኦቶማን ግዛት ከመጡት ግመል ነጂዎች አንዱ ነበር። ሙከራው ቆመ፣ እሱ ግን እዚያው ቀረ፤ በ1902 አረፈ። የአገሬው ሰው ስሙን ሃይ ጆሊ ብሎ አቅልሎታል። ብዙ ሰፋሪዎች አንድ ቀን መቃብሩን ሳያዩ አይሄዱም።

(ምስል፦ የክሊኒክ በር፣ ከዚያ አቧራማ መንገድ።)

ጤና ላይ ግን ረጋ ብለን እንነጋገር። ሜዲኬር በዋናነት ለአዛውንቶች የሚሰጥ የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ ነው። መደበኛው ሜዲኬር የትኛውም ግዛት ውስጥ ሜዲኬር የሚቀበል ሐኪም ዘንድ ይሠራል። በግል ኩባንያዎች በኩል የሚሰጠው ሜዲኬር አድቫንቴጅ ግን ብዙው በራሱ የሐኪሞች መረብ የታሰረ ነው። ሚኒሶታ ላይ የተመዘገበ ሰው አሪዞና ውስጥ ድንገተኛ ካልሆነ በቀር ላይሸፍንለት ይችላል። አምስት ወር ርቆ መክረም የሚያስብ ሰው ከመነሳቱ በፊት ስልክ ደውሎ ይህን ይጠይቅ። መደበኛው ሜዲኬር የተለመደውን የጥርስ ሕክምናም አይከፍልም። ብዙ ሰፋሪዎች ከዩማ ድንበር ተሻግረው ሎስ አልጎዶኔስ ወደምትባል የሜክሲኮ ከተማ የሚሄዱት ለዚህ ነው፤ በየመንገዱ የጥርስ ሐኪም ያለባት፣ በእግር የሚገባባት ከተማ ናት። ማንም ፓስፖርቱን፣ ግሪን ካርድ ያለው ካርዱንም አይርሳ።

አቧራውንም አትናቁት። በአሪዞና አፈር ውስጥ ቫሊ ፊቨር የሚባል የሳንባ በሽታ የሚያመጣ ፈንገስ አለ። ከትንፋሽ ጋር ይገባና ከ1 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ ሳል፣ ትኩሳትና ከባድ ድካም ያመጣል። አብዛኛው ሰው በራሱ ይድናል። በአዛውንቶች፣ በስኳር ታማሚዎች እና በጥቁር ሰዎች ላይ ግን የመጥናት አደጋው ከፍ ያለ ነው። ወደ ሰሜን ተመልሳችሁም ሳል አልለቃችሁ ካለ ለሐኪማችሁ «አሪዞና ከርሜ ነበር» ብላችሁ ንገሩት። እዚያ ያለ ሐኪም በሽታውን ብዙ ጊዜ ስለማያየው ላያስበው ይችላል።

(ምስል፦ ሴትየዋ ከተጎታቹ ኋላ ቆማ በእጇ ስታሳይ። ድምፅ፦ «ወደ ግራ… ትንሽ… ቁም!»)

በብዙ ጥንዶች ዘንድ ሥራው ተከፋፍሎ ነው የሚኖረው። እሱ ይነዳል፣ ጋዙን ያያል፣ ቱቦውን ይገጥማል። እሷ መድኃኒቱን፣ ቀጠሮውን፣ የባንኩንና የኢንሹራንሱን ወረቀት ትይዛለች። ደህና እስከሆኑ ድረስ ይህ ያስኬዳል። ሲታመሙ ነው ችግሩ። በጣም የተቸገሩ ሰዎች የማያቸው እዚህ ላይ ነው፦ ባል ፊኒክስ ሆስፒታል ተኝቶ፣ ሚስት ነድታው የማታውቀው ባለ 30 ጫማ መኪና አጠገቧ ቆሞ፣ ማሞቂያውን እንዴት እንደምታስነሳው ሳታውቅ። ተገላቢጦሹም አለ፤ ሚስት ታማ ሐኪም «የምትወስደው መድኃኒት ምንድነው?» ሲል ባል አንዱንም ሳያውቀው።

ስለዚህ በረሃው ሳይታሰብ፣ ከቤታችሁ አንድ ሰዓት በማይርቅ የካምፕ ቦታ ሁለት ሌሊት እደሩ። በእነዚያ ሁለት ቀናት ሁልጊዜ የማይነዳው ይንዳ፣ ወደ ኋላም ያስገባ። ቱቦውን ነክቶ የማያውቀው እሱ ጓንቱን ያድርግ። ወረቀት የማይዘው ደግሞ የሁለቱንም መድኃኒት ከነመጠኑ ጽፎ መኪናው ውስጥ ይለጥፍ። የጋዝ መዝጊያው የት እንዳለ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያው ቢጮህ መጀመሪያ ምን እንደሚደረግ ሁለቱም ተራ በተራ ያሳዩ። ወደ ውጭ መውጣት ነው የመጀመሪያው፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ።