ሞተሩን አጥፉ፣ ቁልፉን ያዙ፦ ስለ ዴሊቨሪ ሥራና ስለ ቲፕ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በእሁዱ የአማርኛ ራዲዮ ሰዓት ስለ ምግብ ዴሊቨሪ ሥራ ስልክ ከፍተን ነበር። መስመሩ ወዲያው ተጨናነቀ። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ ዶርዳሽ ወይም ኡበር ኢትስ በሚባሉት የዴሊቨሪ አፖች የማይሠራ፣ ወይም የሚሠራ ዘመድ የሌለው አበሻ መቼም ብርቅ ነው። እኔ በታክስ ወቅት የሰው ታክስ እሠራለሁ። በሌላው ጊዜ አሁንም የዴሊቨሪ ቦርሳዬን ይዤ እወጣለሁ። ጥያቄዎቹን ከነመልሳቸው እነሆ። ደጋግሜ የምላቸው ነገሮች አሉ። እናንተ ትሰለቹ ይሆናል፣ እኔ ግን አልሰለችም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ አንዲት እህት፦ ምግብ ሳዝ ቲፕ ስንት ልስጥ? እንደ ሬስቶራንቱ 20 ፐርሰንት ነው?

ለዴሊቨሪ ፐርሰንቱን እርሺውና መንገዱን እዪ። የ15 ዶላር በርገርም የ40 ዶላር በያይነቱም ያው አንድ ቦርሳ ነው። ሾፌሩን የሚያደክመው ርቀቱ፣ ደረጃውና ዝናቡ ነው። ቅርብ ከሆነ ከ5 ዶላር አትውረጂ። ከ5 ማይል ካለፈ በየማይሉ አንድ አንድ ዶላር ጨምሪ። በረዶ ጥሎ አንቺ ራስሽ መውጣት የፈራሽበት ቀን ከሆነ፣ ያንን ፍርሃትሽን አስበሽ ስጪ። ለድግስ ሦስት አራት ትሪ ካዘዝሽ ግን ወደ ፐርሰንቱ ተመለሺ። ደግሞ የአፓርትመንትሽን ቁጥርና የመግቢያውን ኮድ ጻፊ። በጨለማ ሕንፃ ዙሪያ የሚንከራተት ሾፌር ለዚህም ይመርቅሻል።

ከላንግሊ ፓርክ አንድ ወንድም፦ ዴሊቨሪ ፊ፣ ሰርቪስ ፊ እየተባለ ይቆረጥብኛል። ይኼ ለሾፌሩ አይደርስም እንዴ?

አይደርስም። ሾፌሩ የሚያገኘው ካምፓኒው የሚከፍለውን መነሻና ቲፑን ነው። መነሻው ብዙ ጊዜ 2 ዶላር አካባቢ ነው።

እዚያው ላይ፦ ቲፑንስ ቢሆን ካምፓኒው ይወስደዋል ይባላል። እውነት ነው?

የነበረ ነገር ነው። እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ዶርዳሽ የሚከፍልበት መንገድ እንዲህ ነበር፦ ለሾፌሩ ለምሳሌ 7 ዶላር ታገኛለህ ይባላል። ደንበኛው 3 ዶላር ቲፕ ከሰጠ ካምፓኒው 4 ብቻ ይጨምራል። ቲፑ የሾፌሩን ኪስ ሳይሆን የካምፓኒውን ወጪ ይደግፍ ነበር ማለት ነው። ነገሩ ሲወጣ ሰው ተቆጣ፣ አከፋፈሉም ተቀየረ። የዲሲ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግም ከሰሰና በ2020 በ2.5 ሚሊዮን ዶላር ተስማሙ። የአማዞን ዕቃ አድራሽ የሆነው አማዞን ፍሌክስም በቲፕ ጉዳይ በ2021 ከፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን ጋር ከ61 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማምቷል። አሁን ቲፑ ከክፍያው በላይ ይታከላል፣ ስለዚህ ሳትጠራጠር ስጥ።

ከአሌክሳንድሪያ አንድ ሾፌር፦ 7 ዶላር ለ9 ማይል ይልክልኛል። ካልተቀበልኩ ዲአክቲቬት እሆናለሁ፣ አካውንቴ ይዘጋል ብዬ እፈራለሁ።

አትፈር። ዶርዳሽ ላይ ኦርደር ባለመቀበል ብቻ አትባረርም። የሚያስባርርህ ተቀብለህ መተው ነው። ከተቀበልካቸው ውስጥ የምታደርሳቸው ብዛትና የደንበኞች ነጥብህ ካምፓኒው ካስቀመጠው በታች እንዳይወርድ ጠብቅ።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። 9 ማይል ሄደህ ምግብ ቤት ወዳለበት ሰፈር ባዶህን 9 ማይል ትመለሳለህ፣ 18 ሆነ። አይአርኤስ (የአሜሪካ የታክስ መሥሪያ ቤት) ለ2025 አንድ ማይል በ70 ሳንቲም ነው ያሰበው። 18 ማይል 12 ዶላር ከ60 ሳንቲም ይመጣል። ያንተ ፕሪየስ ቤንዚን ቆጣቢ ናት፣ ግማሹን ብቻ ታውጣ እንበል። 6 ዶላር ከ30 ሄደ። 70 ሳንቲም ልታገኝ ነው እስከ ስፕሪንግፊልድ የነዳኸው! ጎማው፣ ዘይቱ፣ ፍሬኑ ዛሬ ስላልጠየቀህ የለም ማለት አይደለም። ማይልህን ጻፍ። በደብተርም ይሁን በአፕ፣ ከቤት ስትወጣና ስትመለስ ጻፍ።

ከፎልስ ቸርች፦ ትልቅ ቲፕ አይቼ ሮጬ አደረስኩ። ከዚያ ቲፑ ጠፋ።

ኡበር ኢትስ ላይ ደንበኛው ካደረስክ በኋላ እስከ አንድ ሰዓት ድረስ ቲፑን መቀየር ይችላል። አሳፋሪ ነው፣ ግን ይፈቀዳል። በሩን ልታንኳኳ እንዳትመለስ። በሰላም ሂድ።

ከአርሊንግተን፣ ኮሎምቢያ ፓይክ አካባቢ አንዲት እናት፦ ብርድ ሲሆን ሞተር አላጠፋም። ሃዛርድ (ብልጭ ድርግም የሚለውን የአደጋ መብራት) አብርቼ፣ ሮጬ አድርሼ እመለሳለሁ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ጓደኛዬ ተቆጣችኝ። እውነት ችግር አለው?

ጓደኛሽ ልክ ናት። እንዲያውም በደንብ አልተቆጣችሽም።

መጀመሪያ ይህችን «ሁለት ደቂቃ» እንያት። ትቆሚያለሽ። ቦርሳውን ታወጫለሽ። የመግቢያው ኮድ አይሠራም፣ ትደውያለሽ። ጥበቃው መዝገብ ላይ ፈርሚ ይልሻል። ካሉት ሁለት ሊፍቶች አንዱ «ተበላሽቷል» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። 14ኛ ፎቅ ስትደርሺ የምትፈልጊው ቁጥር ኮሪደሩ ጫፍ ላይ፣ ያውም በሌላው በኩል ነው። ፎቶ ታነሻለሽ። ከዚያ ያው ሊፍት ይጠበቃል። ሰባት ስምንት ደቂቃ ነው፣ ሰዓት ይዘሽ ሞክሪው። ይህን ሁሉ ጊዜ መኪናሽ መንገድ ዳር ሞቆ፣ ሃዛርዱን እያበራ ይጠብቃል። ሃዛርድ ላንቺ «አሁን መጣሁ» ማለት ነው። ለሌባ ግን «ባለቤቷ የለችም፣ ግባ» ማለት ነው።

በ2023 ዲሲ ውስጥ ብቻ ከ900 በላይ መኪኖች በኃይል ከሰው እጅ ተነጥቀዋል። ከዚያ ወዲህ ቀንሷል፣ ግን አልጠፋም። ይህ ቁጥር ደግሞ ሞተር እየሠራ ተትተው የተወሰዱትን አይቆጥርም። የዴሊቨሪ መኪና ደግሞ ይታወቃል፦ ቀይ ቦርሳ ወንበር ላይ፣ ስልክ ዳሽቦርድ ላይ፣ ሾፌሩ ሩጫ ላይ። ሌባው ከኋላሽ መከተል አያስፈልገውም፣ ምግብ ቤቱ በር ላይ መቆም ይበቃዋል።

«ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው፣ አይነዳም» የምትሉ አላችሁ። ቁልፍ አዙራችሁ ሳይሆን በተን ተጭናችሁ የምታስነሷቸው መኪኖች አንዴ ከተነሱ ቁልፉ ቢርቅም ሞተሩ አይጠፋም። ይጮህ ይሆናል እንጂ ይሄዳል።

ሁለተኛው ነገር ሕጉ ነው። ዲሲም ሜሪላንድም ውስጥ ሞተሩን ሳያጠፉ መኪና ጥሎ መሄድ ራሱ ያስቀጣል። ስለዚህ መኪናው ተሰርቆ ፖሊስ ስትጠሪ አንቺም ልትቀጪ ትችያለሽ። ኢንሹራንሱን ደግሞ ጠይቂ፦ ላያቢሊቲ (በሌላ ሰው ላይ ላደረስሽው ጉዳት የሚከፍለው) ብቻ ከሆነ ለተሰረቀ መኪና ሳንቲም አይከፍልም። ፉል (የራስሽን መኪናም የሚሸፍነው) ቢሆን እንኳ ዴሊቨሪ እንደምትሠሪ ካልነገርሻቸው እዚያ ላይ ይጣበቁብሻል።

ሦስተኛው ይበልጣል። አንዳንድ እናቶች ልጅ የሚጠብቅ ሲያጡ ይዘው ይወጣሉ። ልጁ ከኋላ ይተኛል፣ እናት «እንዳልቀሰቅሰው» ብላ ሞተሩን ትታ ትሮጣለች። አውቃለሁ፣ ሞግዚት ውድ ነው። ግን ሌባው ከኋላ ማን እንደተኛ አይቶ አይደለም የሚገባው። ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ ከ8 ዓመት በታች ልጅን ከዓይን ርቆ መኪና ውስጥ ብቻውን መተው ወንጀል ነው። ልጅ ይዘሽ ከወጣሽ ልጁ አብሮሽ ይገባል። አለዚያ ያን ቀን ሥራ የለም።

አራተኛው፣ መኪናውን ሲወስዱት ብታዪ እንዳትከተዪ። በመጋቢት 2021 ዲሲ ውስጥ ናሽናልስ ስታዲየም አጠገብ አንድ የኡበር ኢትስ ሾፌር መኪናውን ሁለት ታዳጊ ሴት ልጆች ሲነጥቁት በሩን ይዞ ቀረ። 13 እና 15 ዓመታቸው ነበር። መኪናው ሲገለበጥ ሰውየው ሞተ። የ66 ዓመት ሰው፣ ከፓኪስታን የመጣ፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ስደተኛ። እኛው ነን ያ። መኪና ይገኛል። ልቀቂው፣ ራቂና 911 ደውዪ። መሣሪያ ካወጣማ ቁልፉን ራስሽ ስጪው።

ስለዚህ፦ ሞተሩን አጥፊ። ቁልፉን ያዢ። ቆልፊ። ስልክሽ ከአንቺ ጋር ይሂድ። ብርድ ከሆነ ጃኬት ልበሺ! ራዲዮ ላይ አዘጋጁ ሰዓት ሄደ ብሎ አቋረጠኝ፣ እዚህ ግን የሚያቋርጠኝ የለም።

ከጌይተርስበርግ አንድ ሾፌር፦ መጠጥ ማድረስ እምነቴ አይፈቅድልኝም። ማስቀረት ይቻላል?

ይቻላል። አፑ ውስጥ የአልኮል ዴሊቨሪን አጥፋው። ካላገኘኸው ኦርደሩን አትቀበል፣ አለቀ።

ከስካይላይን አንዲት ባለ ምግብ ቤት፦ ሾፌሮች ወጡን ደፍተው ያደርሳሉ። ደንበኛ እኔን ይሰድበኛል።

ይቅርታ አድርጊልኝና እህቴ፣ ሽሮውን ትኩሱን በቀጭን ክዳን ዘግተሽ እንጀራው ላይ ካስቀመጥሽው ከሱቅሽ ሳይወጣ ነው የተደፋው። ወጡን ለብቻ፣ እንጀራውን ለብቻ አድርጊ። ክዳኑን በፕላስቲክ ጠቅልዪ። ሾፌሩን «ሙቅ ወጥ አለው፣ አታጋድመው» በዪው። ሾፌሮችም፣ ወንበር ላይ አታስቀምጡ። ፍሬን ስትይዙ የሚሄደው ወደ ፊት ነው። ከተሳፋሪው ወንበር ፊት፣ ወለሉ ላይ ይቀመጥ። ሽሮ የገባበት የመኪና ምንጣፍ ሽታው እስከ ፋሲካ አይለቅም።

ደግሞ ሾፌሩ ሽንት ቤት ሲጠይቅሽ አትከልክዪው። ኒው ዮርክ ከተማ ይህን በሕግ ደንግጋዋለች፣ አንቺ ሕግ መጠበቅ የለብሽም።

ከሃያትስቪል አንዲት አክስት፦ የእህቴ ልጅ አዲስ መጥቷል። የሥራ ፈቃዱን እየጠበቀ ነው። እስኪደርስ በባለቤቴ አካውንት ቢሠራስ?

አይሆንም። ሁሉም ሰው እንደሚያደርገው አውቃለሁ፣ አሁንም አይሆንም። አፑ በድንገት የፊት ፎቶ ይጠይቃል። ፊቱ ካልተመሳሰለ አካውንቱ ይዘጋል፣ ባለቤትዎም እንጀራቸውን ያጣሉ። ገቢው በባለቤትዎ ሶሻል ሴኩሪቲ ስለሚመዘገብ ታክሱ የሚመጣው በእሳቸው ላይ ነው። ልጁ ቢጋጭ፣ የካምፓኒው ኢንሹራንስ «ይህን ሰው አላውቀውም» ይላል። ከሁሉ በላይ ያለ ፈቃድ መሥራት የልጁን ጉዳይ ሊያበላሽ ይችላል። ምን ያህል እንደሚያበላሽ የሚነግርዎ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ነው። የማኅበር ሰው አይደለም፣ እኔም አይደለሁም። ፈቃዱ እስኪመጣ ልጁን ያብሉት፣ ያጠጡት፣ እንግሊዝኛ ያስተምሩት።

ከዉድብሪጅ፦ 1099 የሚባለው የዓመቱ የገቢ ወረቀት አልመጣልኝም። እንግዲያው ታክስ ላይ ባላስገባውስ?

ወረቀቱ ባይመጣም ገንዘቡ መጥቷል። ከራስህ ሥራ የተጣራ 400 ዶላር ካገኘህ ማሳወቅ አለብህ። ዴሊቨሪ ሾፌር ተቀጣሪ አይደለም፣ ባለ ንግድ ነው። ስለዚህ ከገቢ ታክሱ ሌላ 15.3 ፐርሰንት የሚጠጋ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ታክስ ይመጣል። ብዙ ሰው ሚያዝያ ላይ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። የሚያድንህ ማይል ነው። ጻፍ ያልኩህ ለዚህ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ከጭንቅላት የሚፈበረክ ማይል ግን አይአርኤስ ከጠየቀ አያድንም።

«ቲፕ ከታክስ ነፃ ሆኗል» የሚለውን ደግሞ ግማሹን ብቻ እመኑ። ከ2025 እስከ 2028 እስከ 25,000 ዶላር የሚደርስ ቲፕ ከገቢ ታክስ ስሌት ሊቀነስ ይችላል። ያ 15.3 ግን ይቀራል። የአንተን ወረቀት ሳላይ ከዚህ በላይ አልናገርም፣ ታክስ ሠሪህ ጋ ሂድ።

ስሙን ያልተናገረ አንድ ሾፌር፦ ለኢንሹራንሴ አልነገርኩም። ዋጋ ይጨምሩብኛል ብዬ ነው።

ይጨምራሉ። ንገራቸው። የካምፓኒው ኢንሹራንስ በዋናነት በሌላ ሰው ላይ ላደረስከው ጉዳት ነው፣ ያንተን መኪና ይጠግናል ብለህ አትተማመን። ነገ ጠዋት ለኤጀንትህ ደውልና «ዴሊቨሪ እሠራለሁ፣ የሚጨመር ሽፋን አላችሁ ወይ» በል።

ከላውረል፦ «ከካምፓኒው የእርዳታ ክፍል ነው» ብለው እየነዳሁ ደውለው የአካውንቴን መግቢያ ኮድ ጠየቁኝ።

ሌባ ነው። ኮድ ለማንም አትስጪ። ከሰጠሽ የሳምንት ገንዘብሽን በደቂቃ ያወጡታል። ደግሞስ እየነዳሽ ስልክ ለምን አነሳሽ? ቨርጂኒያ ውስጥ ስልክ ይዞ መንዳት ከ2021 ጀምሮ 125 ዶላር ያስቀጣል።

ከቤልትስቪል አንድ አባት፦ በቀን 12 ሰዓት እነዳለሁ። ከሰሞኑ የግራ እግሬ ባት አብጧል፣ ሲነኩት ይሞቃል፣ ያመኛል። ምን ልቀባው?

ምንም አይቀቡት፣ ማሸትም የለብዎትም። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ግን ረጅም ሰዓት ተቀምጦ የሚሠራ ሰው አንድ እግሩ ብቻ ሲያብጥ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። ቀጠሮ የሚያዝለት ነገር አይደለም፣ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ትንፋሽ ካጠረዎ ወይም ደረትዎን ከወጋዎ 911 ይደውሉ። ድንገተኛ ክፍል ሲሄዱም ራስዎ አይንዱ፣ ልጅዎ ያድርስዎ። አፑንም ይዝጉት፣ በመንገድ ላይ ነው ብለው አንድ ኦርደር እንዳይቀበሉ።