ሃይሉክስን ማሻሻል ከየት ይጀምራል? የባሌስትራ፣ የሊፍት ኪትና የስኖርክል ወግ

ዮናስ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን አድማጮቻችን። የዛሬው ርዕሳችን ደብል ጋቢና ፒካፕን፣ በተለይም እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ የወጣውን የቶዮታ ሃይሉክስ ሬቮ፣ ከመኪናው አምራች ውጭ ባሉ ድርጅቶች በሚሠሩ ዕቃዎች ማሻሻልን የሚመለከት ነው። በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ እኔ በማውቃቸው ባለመኪኖች ዘንድ በእጅ ያለውን ንብረት አጠናክሮ የመያዝ ፍላጎት በጣም ጨምሯል። ስለዚህ ዛሬ መጀመሪያ ስኖርክልን፣ ማለትም የሞተሩን የአየር መግቢያ ወደ ጣሪያ የሚያወጣውን ቱቦ፣ ቀጥሎ መኪናውን ከፍ የሚያደርገውን ሊፍት ኪትን፣ በመጨረሻም ጎማን እንመለከታለን። ሰላማዊት፣ ከስኖርክል እንጀምር?

ሰላማዊት፦ ሰላም አድማጮች። ዮናስ፣ ቅር አይበልህና እኔ ከስኖርክል አልጀምርም። ሰው ፒካፕ ገዝቶ ገንዘቡን መጀመሪያ ማዋል ያለበት ከካሶኒው በታች ባለው ነገር ላይ ነው፤ ማለትም በተደራረቡ የብረት ቅጠሎች በተሠራው ባሌስትራ፣ ንዝረትን በሚያበርደው ሾክ አብዞርበርና በጎማው። የሃይሉክስ የፊት እግር በሞላ ላይ ሲቀመጥ የኋላው በባሌስትራ ላይ ነው። ይህ የኋላ ክፍል መኪናው ባዶ ሲሆንም ሞልቶ ሲጫንም እኩል እንዲሠራ የሚጠበቅበት በመሆኑ፣ ፋብሪካው ሁለቱንም ለማስታረቅ የመረጠው መካከለኛ ጥንካሬ ነው። ባለቤቱ መኪናውን ለምን እንደሚጠቀምበት በትክክል ካወቀ፣ ትልቁን ለውጥ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው።

ዮናስ፦ ባሌስትራ እኮ ማንም ጋራዥ ገብቶ አንድ ሁለት ቅጠል የሚያስጨምርበት ነገር ነው። ይህን ያህል ጊዜ የሚወስድብን አይመስለኝም።

ሰላማዊት፦ አየህ፣ እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸው አባባል ነው። ደጀን አካባቢ ጤፍ የሚነግድ አጎት እንዳለኝ ታውቃለህ። ባለ 2.4 ሊትር ሃይሉክስ ነበረው፤ መኪናውን እንደ ልጁ ነበር የሚወደው። የዚህ መኪና የመጫን አቅም፣ ሰዎቹም ተቆጥረው፣ አንድ ቶን ገደማ ነው። በእኛ ልማድ ሲሰላ አምስት ሰው ጋቢና ውስጥ ከተቀመጠ ለካሶኒው የሚቀረው ከሰባት ኩንታል ብዙም አይበልጥም። አጎቴ ግን አሥራ ሁለትና አሥራ ሦስት ኩንታል ይጭን ነበር። የኋላው ተቀምጦ መብራቱ ሰማይ ሰማይ ማብራት ሲጀምር ጋራዥ ወሰደው፤ እነሱም ከአሮጌ የጭነት መኪና የወጣ ወፍራም ባሌስትራ ቆርጠው በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ሁለት ቅጠል ጨመሩለት።

ዮናስ፦ መኪናው ቀና አለ?

ሰላማዊት፦ ቀና አለ፤ እንዲያውም ባዶውን ሲሆን ኋላው ከፊቱ በግልጽ ከፍ ብሎ ይታይ ነበር። እዚህ ላይ አድማጮች አንድ ነገር ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ። የአንድ ቅጠል ውፍረት በእጥፍ ሲጨምር ጥንካሬው የሚጨምረው በስምንት እጥፍ ነው። ስለዚህ ከሌላ መኪና የመጣ ወፍራም ቅጠል ማስገባት ማለት “ትንሽ ማጠንከር” ማለት አይደለም፤ የመኪናውን የኋላ ጠባይ ከሥር መሠረቱ መለወጥ ነው። አጎቴ ጤፉን አዲስ አበባ አራግፎ ባዶውን ሲመለስ፣ በአስፋልቱ ላይ ደህና ነበር። ከዋናው መንገድ ወጥቶ ጠጠሩ ላይ ሲገባ ግን የኋላ ጎማዎቹ መሬት መጨበጥ አቅቷቸው እንደ ፍየል ይዘልሉ ጀመር። ኩርባ ላይ ኋላው ወደ ውጭ እየወጣ ሁለት ጊዜ ከመንገድ ሊጥለው ነበር።

ዮናስ፦ ይህ ከባድ ነው። ነገር ግን አጎትሽ ነጋዴ ናቸው፤ ጭነት ደግሞ የግድ ነው። ወገባቸውን አሥረው ለሚሠሩ ሰዎች “አትጫኑ” ማለት ለእኛ ማይክሮፎን ፊት ለተቀመጥነው ቀላል ነው።

ሰላማዊት፦ እኔ “አትጫኑ” አላልኩም። ወደዚያ እመጣለሁ፤ መጀመሪያ ግን ታሪኩን ልጨርስ። ከወራት በኋላ ቤተሰብ ልጠይቅ ስሄድ መኪናውን አየሁት። ዓይኔን የሳበው በጋቢናውና በካሶኒው መካከል ያለው ክፍተት ነበር። ከታች ጣቴ በጭንቅ ይገባል፤ ከላይ ግን ሁለት ጣት ያለ ችግር ያስገባል። ካሶኒው ወደ ኋላ ተኝቷል ማለት ነው። ባትሪ ይዤ ከሥር ገባሁና የሻንሲውን፣ ማለትም ጋቢናውንና ካሶኒውን የሚሸከመውን ብረት፣ ጭቃ በጨርቅ ጠረግሁት። በክፍተቱ ትይዩ፣ በሻንሲው የላይኛው ጠርዝ ላይ፣ ቀለሙ በቀጭን መስመር ተሰንጥቆ ከውስጡ የዝገት ውሃ ወርዶ ደርቋል። ሻንሲው ታጥፎ መሰንጠቅ ጀምሮ ነበር።

ዮናስ፦ በባሌስትራው ምክንያት?

ሰላማዊት፦ በጭነቱ ምክንያት ነው። የተጨመረው ቅጠል ያደረገው ነገር መኪናው ከአቅሙ በላይ መጫኑን ከዓይን መሰወር ነው። ድሮ የኋላው ሲቀመጥ አጎቴ “በዛ” ብሎ አንድ ኩንታል ይቀንስ ነበር፤ መኪናው ቀና ብሎ ሲታየው ግን መቀነሱን ተወው። ሻንሲው፣ ፍሬኑ፣ የጎማው ቦሎን ሁሉ የተሠሩት ለቀድሞው ክብደት ነው። ለዚህ ነው ባሌስትራ ማጠንከር የመጫን አቅምን አይጨምርም የምለው። ጭነቱ ከኋላ አክስሉ አልፎ ወደ ካሶኒው መዝጊያ ሲከማች ደግሞ ሻንሲው ላይ የሚያርፈው የማጠፍ ኃይል ይብሳል። ዛሬ ዛሬ በባሌስትራውና በሻንሲው መካከል የሚገቡ የአየር ከረጢቶች በብዛት ይሸጣሉ። ባሌስትራ ኃይሉን በሁለት ጫፎቹ አካፍሎ ለሻንሲው ሲያስተላልፍ፣ ከረጢቱ ግን መሐል ላይ ባለች አንዲት ቦታ ይገፋል። መጠነኛ ጭነት ላይ ጠቃሚ ሊሆን ይችላል፤ ከመጠን በላይ ጭኖ በእሱ ለሚተማመን ሰው ግን ሻንሲ የሚያሳጥፍ ዕቃ ነው።

ዮናስ፦ እሺ፣ ታዲያ ነጋዴው ምን ያድርግ? ያልመለስሽልኝ ይህን ነው።

ሰላማዊት፦ ለመኪናው ታስቦ የተሠራ ሙሉ የባሌስትራ ስብስብ ይግዛ። እንደ አውስትራሊያው ኤአርቢ ያሉ አምራቾች ለአንድ የመኪና ሞዴል በተለያየ የጭነት ደረጃ ያቀርባሉ፤ ባዶውን ለሚውል፣ ዘወትር እስከ 300 ኪሎ ለሚጫንበት፣ ከዚያም በላይ ለሚጫንበት። ከሾክ አብዞርበሩ ጋር ተጣጥሞ ነው የሚመጣው። ባሌስትራ ጠንክሮ ሾክ አብዞርበር የድሮው ከሆነ፣ የባሌስትራውን ንዝረት የሚያበርድ አይኖርም። በረባዳና ወጣገባ መንገድ ላይ ለሰዓታት ሲነዳ ደግሞ በውስጡ ያለው ዘይት ይግላል፣ አረፋ ይሠራል፣ ሥራውንም ያቆማል። ደህና ሾክ አብዞርበር ናይትሮጂን ጋዝ የሚሞላበት ይህን አረፋ ለመከላከል ነው። አዲስ ባሌስትራ ከተገጠመ በኋላ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስረው ዩ ቦልት ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተነዳ ወዲያ እንደገና መጥበቅ አለበት። ይህ ሲዘነጋ ቅጠሎቹን የሚያያይዘው የመሐል ቡሎን ይቆረጣል፤ አክስሉም ይንሸራተትና መኪናው ጎኑን ሰጥቶ መሄድ ይጀምራል።

ዮናስ፦ ዋጋው ግን አይቀመስም። ቅጠል ማስጨመርና ሙሉ ስብስብ መግዛት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ስለዚህ እኔ አሁንም፣ ለዚያው መኪና የተሠራ አንድ ቀጭን ቅጠል በልክ ማስጨመር ለብዙ ሰው የሚያዋጣ መንገድ ነው እላለሁ።

ሰላማዊት፦ ቅጠሉ በእርግጥ ለዚያው መኪና የተሠራ ከሆነ፣ ጭነቱም ከአቅሙ ካላለፈ አልቃወምህም። ሶማሌ ተራ ገብተህ ያን ቅጠል በትክክል መርጠህ ትወጣለህ ወይ የሚለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ዮናስ፦ እመርጣለሁ።

ሰላማዊት፦ እንግዲያው አብረን እንሄዳለን።

ዮናስ፦ ስኖርክሉ እየጠበቀን ነው፤ ግን ከሊፍት ኪት እንለፍና እንድረስበት። እኔ በበኩሌ 50 ሚሊ ሜትር ከፍታ መኪናዬ ላይ እፈልጋለሁ። የገጠር መንገድ ድንጋይ ሆድ እየመታ ያስቸግራል።

ሰላማዊት፦ 50 ሚሊ ሜትር የመጨረሻው ጣሪያ ነው፤ ከዚያ በላይ አልደግፍህም። የፊቱ ከፍ ሲል የሞተሩን ኃይል ወደ ፊት ጎማዎቹ የሚያደርሰው መገጣጠሚያ፣ ሲቪ ጆይንቱ፣ የሚሠራበት አንግል ይገደድና ቶሎ ያልቃል፤ የጎማው አቋቋምም ስለሚዛባ ዊል አላይመንት ሳይሠራ ጎማ በአንድ ጎኑ ይበላል። የላይኛውን የእግር ክንድ መቀየር የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ። ከሁሉ በላይ ግን የክብደቱ መሐል ወደ ላይ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ የስዊድን የመኪና መጽሔት ሃይሉክስን በድንገተኛ የመታጠፍ ፈተና ሲያስሮጠው በሁለት ጎማ ቆሞ ሊገለበጥ ደርሶ ነበር። ያ መኪና ምንም ያልተነካ፣ ከፋብሪካው እንደወጣ ያለ ነው። እሱ ላይ ከፍታ፣ ከዚያም በፖርቶመጋላው ላይ ዕቃ ስትጨምርበት ምን እንደሚሆን አስበው። በእኛ አገር መንገድ ላይ ድንገት ከብት ሲገባ የሚደረገው መጠምዘዝ ከዚያ ፈተና አይለይም።

ዮናስ፦ ያም ሆኖ ድንጋዩ አለ። ትልቅ ጎማስ?

ሰላማዊት፦ ጎማ ላይ እስማማለሁ፤ በመጠኑ ግን። ከ265/65 አር 17 ወደ 265/70 አር 17 ብትሻገር የጎማው ቁመት ከ776 ወደ 803 ሚሊ ሜትር ያድጋል። በኋላ አክስሉ ላይ ያለው የጥርስ ሳጥን፣ ዲፈረንሻሉ፣ ከመሬት የሚርቀው በ13 ሚሊ ሜትር ተጨማሪ ነው። ሊፍት ኪት ደግሞ ይህን ከፍታ በፍጹም አይሰጥህም፤ ምክንያቱም ሻንሲውን እንጂ የኋላ አክስሉን አያነሣም። ይህ ጎማ ብዙ ጊዜ ያለ ሊፍት ይገባል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ፍጥነት 100 ሲያሳይህ ግን በእውነቱ 103 እየሄድህ እንደሆነ አስታውስ። ማርሹም በዚያው ልክ ይከብዳል።

ዮናስ፦ እሱን በቺፕ እናካክሰዋለን፤ የሞተሩን ጉልበት የሚጨምሩ ትንንሽ ሳጥኖች አሉ።

ሰላማዊት፦ ዮናስ፣ ይህን አዲስ አበባ ላይ ሆነህ አትበል። እዚህ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው ተርቦ የሚጎድለውን አየር ለመሙላት አስቀድሞ ከባሕር ዳርቻ ሰው መኪና ይልቅ በፍጥነት እየተሽከረከረ ነው። ሳጥኑ ተጨማሪ ናፍጣና ግፊት ሲጠይቀው የሚቃጠለው ያ ተርቦ ነው። ያንን ገንዘብ ለሁለተኛ የናፍጣ ፊልትሮ አውለው። የዘመናዊ ናፍጣ ሞተር ኢንጀክተር በ2,000 ባር አካባቢ ግፊት የሚሠራ፣ ቀዳዳዎቹ ከፀጉር የማይበልጡ ዕቃ ነው። ማደያ በሌለበት ከበርሜልና ከጀሪካን የተቀዳ ናፍጣ ውስጥ ያለች ጥቂት ውሃ ፖምፓውንም ኢንጀክተሩንም ታበላሻለች። ውሃ የሚለይ ተጨማሪ ፊልትሮ ከማንኛውም ጌጥ ይቀድማል።

ዮናስ፦ በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። አሁን ግን ሰዓታችን ሳያልቅ፣ ስኖርክል!

ሰላማዊት፦ ስኖርክል ጥሩ ነው፤ ጥቅሙ ግን ሰዎች ከሚያስቡት የተለየ ነው። ሃይሉክስ በፋብሪካው መግለጫ መሠረት 700 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ ያቋርጣል። ስኖርክል የአየር መግቢያውን ወደ ጣሪያው ያወጣዋል፤ የኤሌክትሪክ ገመዶቹንና ዲፈረንሻሉን ግን ከውሃ አያወጣቸውም። አንተ ወደ አፋር ስለምትሄድ የሚጠቅምህ ለአቧራው ነው፤ ከፊት የሚሄደው መኪና የሚያስነሣው አቧራ ከጣሪያ ከፍታ ላይ ይሳሳል። መጋጠሚያው ላይ ትንሽ ክፍተት ካለ ግን አቧራው ከፊልትሮው ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ከገጠምከው በኋላ ፊልትሮውን አውጥተህ ተመልከት።

ዮናስ፦ ወንዝ ማቋረጥስ? እኔ የምፈልገው ለዚያም ነው።

ሰላማዊት፦ ለዚያ ከስኖርክሉ ይልቅ የዲፈረንሻሉን መተንፈሻ ቱቦ አስረዝመህ ወደ ላይ አውጣ። ለረጅም ሰዓት የሄደ ዲፈረንሻል ይግላል፤ በድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በመተንፈሻው በኩል ውሃ ይስባል። ዘይቱ ወተት መስሎ ሲወጣ የምታየው ለዚህ ነው። ቱቦው ርካሽ ነው፤ ሥራውም የግማሽ ቀን አይፈጅም።

ዮናስ፦ እኔ ስኖርክሉንም እገጥማለሁ፤ ለመልኩም ጭምር እወደዋለሁ።

ሰላማዊት፦ ግጠመው፤ መልኩ እኔንም ያምረኛል። የዲፈረንሻልህን ዘይት ሳናይ ግን አፋር አትሄድም፤ ቅዳሜ ጠዋት መኪናውን አምጣው።