የሕፃናት ማቆያ ያዋጣል ወይ? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ሃያ ልጅ የሚይዝ ቤት አግኝቻለሁ። ሃያውን በወር ክፍያ ሳባዛው ጥሩ ትርፍ አለው። ልጀምር?

ገና ነሽ እህቴ። ቤቱ የሚይዘውን ሳይሆን የሚከፍለውን ልጅ ቁጠሪ። መጀመሪያ ላይ ሦስት አራት ልጅ ቢመጣ ነው። እናት ልጇን ለማታውቀው ሰው ቶሎ አትሰጥም፤ ጎረቤቷ ሰጥታ ካየች በኋላ ነው የምትመጣው። ኪራዩ ግን ከመጀመሪያው ወር ሙሉ ነው። ቢያንስ ስድስት ወር በግማሽ ልጅ የሚያቆይሽ ገንዘብ ለብቻው አስቀምጪ።

ዕቁብ ወጥቶልኛል። በሱ ልክፈት?

ዕጣው ወጣልህ እንጂ ዕዳህ አላለቀም። ዙሩ እስኪያልቅ ትጥላለህ። የምትጥለውን ከኪራዩ ጋር ደምረህ ከሚከፍለው ልጅ ጋር አስተያየው።

ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይፈቀዳል?

ቀለም ከመቀባትሽ በፊት ወረዳሽን ጠይቂ።

ወጪው አልሸፈን አለኝ። አንዷ ሞግዚት የምትይዘው አራት ጨቅላ ነው። ስምንት ላድርጋቸው?

በፍጹም! ይህን ጥያቄ በየሳምንቱ እሰማለሁ፣ በሰማሁት ቁጥር እደነግጣለሁ።

ጭንቀትሽ ይገባኛል። ሞግዚቷ 8,000 ብር ይከፈላታል እንበል። የአሠሪው የጡረታ መዋጮ 11 በመቶ ነው፣ 880 ብር። አራቱ ልጆች አምስት አምስት ሺህ ቢከፍሉ 20,000 ይገባል። በቀረው 11,120 ብር ኪራይ፣ ምግብ፣ ጽዳትና ጥበቃ ይሸፈናል። ክረምት ሲገባ አስተማሪ እናቶች ልጃቸውን ቤት ያስቀራሉ። ሁለት ልጅ ከቀረ እጅሽ ላይ 1,120 ብር ብቻ ይተርፋል። ያኔ ነው ስምንት የማድረግ ሐሳብ የሚመጣው።

ግን ሞግዚቷ ያላት ሁለት እጅ ነው። አንዱን ዳይፐር ስትቀይር ሌላው ወተት ትን ቢለው ማን ያነሳዋል? ጡጦ በትራስ ተደግፎላቸው ብቻቸውን የሚጠቡ ጨቅላዎች አይቻለሁ። እንዲህ ነው ልጅ የሚታፈነው። ሕይወት ከጠፋ ምንም ሒሳብ አይመልሰውም።

ማስተካከያው ክፍያው ላይ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው። ስለዚህ እናት ወደ ሥራ ስትመለስ ልጇ ገና የወራት ጨቅላ ነው። ብዙ ፈላጊ ያለው ለጨቅላ ነው፣ ብዙ ሰው የሚያስፈልገውም እሱ ነው። ታዲያ ለምን ከሦስት ዓመቱ ልጅ እኩል ይከፈልበታል? ለጨቅላ ጨምሪ። ክፍያ ወር ሲገባ ይሁን። ልጅ የሚያስወጣ ወላጅ ከወር በፊት እንዲያሳውቅ በውል ጻፊ። ትልልቆቹንም ተቀበይ፤ አንድ ሰው ጨቅላ ከሚይዘው በላይ እነሱን መያዝ ይችላል። ይህም ሆኖ ካልሸፈነ ቤቱ ውድ ነው፣ ሌላ ቤት ፈልጊ።

ጡረተኛ ነኝ። ቤቱ የራሴ ነው፣ ኪራይ የለብኝም። ቤቱን አስይዤ ለዕቃ መግዣ ልበደር?

እማማ፣ ኪራይ ባይከፍሉም ቤቱን ቢያከራዩት የሚያገኙትን ወጪ ብለው ይጻፉት። ዕቃውን ደግሞ ለሚመጡት ልጆች ልክ ብቻ ይግዙ። የሚከፍለው ልጅ ሲጨምር ይጨምራሉ። ቤት ማስያዙን በስልክ አልመክርዎትም። ከመፈረምዎ በፊት ልጆችዎን ይንገሩ፣ የሒሳብ ባለሙያና ጠበቃ ጋ ይሂዱ።