የባንክ ሪፖርት ከፒዲኤፍ ሲወጣ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ዝግጅት ባንኮች የሂሳብ ሪፖርታቸውን ኮምፒውተር አንብቦ በሚረዳው አንድ ወጥ ቅርጸት ስለማቅረባቸው ተነጋግረን ነበር። ቅርጸቱ ኤክስቢአርኤል ይባላል። የደወላችሁት ብዙ ናችሁ፤ ሰዓቱ ግን አልበቃንም። በአየር ላይ በጥድፊያ የመለስኳቸውንና ጭራሽ ያልደረስኩባቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብሰብ አድርጌ እመልሳለሁ።

«እኛ ለብሔራዊ ባንክ በኤክሴል እንልካለን። ዓመታዊ ሪፖርታችንም ድረ ገጻችን ላይ በፒዲኤፍ አለ። ይሄ ዲጂታል አይደለም እንዴ? ምን ጎደለው?» (አዲስ አበባ፣ የግል ባንክ የፋይናንስ ክፍል ባልደረባ)

ወንድሜ፣ ዋናውን ነገር ነው የጠየቁት። ፒዲኤፍ ለሰው ዓይን የተሠራ ነው። ኮምፒውተር ሲያየው አንዱ ቁጥር ተቀማጭ ይሁን ብድር አይለይም። ኤክሴል ትንሽ ይሻላል። ግን 14ኛው ረድፍ ላይ ያለው ቁጥር ምን እንደሆነ የሚያውቀው ሰንጠረዡን ያዘጋጀው ሰው ነው። አንድ ሰው መሃል ላይ ረድፍ ከጨመረ ሁሉም ነገር ይንሸራተታል። ከዚያ ተቀባዩ ጋ ያለ ሠራተኛ ቁጭ ብሎ ያስተካክላል።

በኤክስቢአርኤል ግን እያንዳንዱ ቁጥር ማንነቱን ይዞ ነው የሚጓዘው። ምን እንደሆነ፣ የየትኛው ባንክ እንደሆነ፣ የየትኛው ቀን እንደሆነ፣ በብር ይሁን በዶላር፣ እስከ ስንት እንደተጠጋጋ። እነዚህን መለያዎች ታግ እንላቸዋለን። የታጎቹ ሙሉ ዝርዝር፣ ከነትርጉማቸውና እርስ በርስ ካላቸው ዝምድና ጋር፣ ታክሶኖሚ ይባላል። «ይሄና ይሄ ተደምሮ ያንን መስጠት አለበት» የሚሉ የማረጋገጫ ቀመሮችም አብረው ይታተማሉ።

ጥቅሙን በተግባር ማየት ከፈለጉ የአሜሪካ ባንኮችን ታሪክ ይመልከቱ። እዚያ ባንኮች በየሩብ ዓመቱ ለተቆጣጣሪዎቻቸው ኮል ሪፖርት የሚባል ዝርዝር ሪፖርት ያስገባሉ። እስከ 2005 እ.ኤ.አ. ድረስ የማረጋገጫ ደንቦቹ በወርድ፣ በኤክሴልና በፒዲኤፍ ነበር የሚበተኑት። የሶፍትዌር ድርጅቶች እያነበቡ በእጃቸው ወደ ፕሮግራም ይቀይሯቸዋል። ሁሉም በየፊናው። ስህተት የሚገኘው ሪፖርቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ከዚያ የተቆጣጣሪው ባለሙያ ስልክ አንስቶ «ይሄ ቁጥር ልክ ነው?» እያለ ባንክ በባንክ ይደውላል።

በጥቅምት 2005 እ.ኤ.አ. የባንክ ተቆጣጣሪዎቹ የጋራ ምክር ቤት አዲስ ማዕከላዊ የመረጃ ቋት ሥራ አስጀመረ። ከ8,000 በላይ ባንኮች ገቡበት። ደንቦቹ በኤክስቢአርኤል ስለታተሙ የባንኩ ሶፍትዌር ራሱ ሪፖርቱ ከመላኩ በፊት ይፈትሻል። ቁጥሩ ካልገጠመ ባንኩ ወይ ያርማል፣ ወይ ለምን እንዳልገጠመ ማብራሪያ ጽፎ ይልካል። ምክር ቤቱ በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ላይ ለውጡ በቁጥር ተቀምጧል። ሲደርስ ንጹሕ የነበረው መረጃ ከ66 በመቶ ወደ 95 በመቶ አደገ። ድምሩ የሚገጥመው ደግሞ ከ70 ወደ 100 በመቶ። መረጃው መግባት የሚጀምረውም ሩብ ዓመቱ በተዘጋ በሳምንታት ውስጥ መሆኑ ቀርቶ በአንድ ቀን ውስጥ ሆነ።

ልብ ይበሉ፣ ይህን ሁሉ ያመጣው የፋይሉ ዓይነት ብቻ አይደለም። ፍተሻው ከተቀባዩ ቢሮ ወጥቶ ወደ ላኪው ጠረጴዛ ሄደ። በእኔ እምነት ትልቁ ለውጥ እሱ ነው። ባንክዎ ነገ ኤክስቢአርኤል ገዝቶ ፍተሻው እንደ ድሮው ከተላከ በኋላ የሚደረግ ከሆነ፣ ያተረፈው አዲስ የፋይል ስም ብቻ ነው።

«እኔ ቨርጂኒያ ትንሽ ባንክ ውስጥ ኮል ሪፖርት አዘጋጃለሁ። ኤክስቢአርኤል የሚባል ግን በዓይኔ አይቼ አላውቅም። እውነት እንጠቀምበታለን?»

በደንብ ነው የሚጠቀሙበት፣ እህቴ። የምትሠሩበት ሶፍትዌር ከኋላ ሆኖ ያዘጋጀዋል። ሪፖርቱን ለመላክ ሲሞክሩ ቀይ መልእክት እየወጣ የሚያቆምዎ ነገር አለ አይደል? እሱ ነው። የማይታይ መሆኑ ጥሩ ነው። የባንክ ሠራተኛ ኮድ ማንበብ የለበትም።

«የኦዲት ሥራ ላይ ነኝ። ታግ ሲደረግ ሰው በብዛት የሚሳሳተው የት ነው?» (ድሬዳዋ)

በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልመልስ፤ ሰው የሚቸገረው እዚህ ጋ ስለሆነ።

አንደኛው የዜሮ ብዛት ነው። የባንኮቻችን መግለጫዎች ብዙ ጊዜ ከላይ «በሺህ ብር» ይላሉ። ሰንጠረዡ ላይ 4,250,000 ተብሎ ከተጻፈ እውነተኛው ቁጥር 4.25 ቢሊዮን ብር ነው። ወደ ኤክስቢአርኤል ሲገባ ሙሉውን 4,250,000,000 ብሎ ማስገባትና እስከ ሺህ መጠጋጋቱን ለብቻ መግለጽ ያስፈልጋል። ያየውን ቁጥር እንዳለ የገለበጠ ሠራተኛ ባንኩን በሺህ እጥፍ አሳንሶት ቁጭ ይላል። ሰው ሲያነበው «በሺህ ብር» የሚለውን ስለሚያይ አይሳሳትም። ማሽኑ ግን ያንን መስመር አያይም።

ሁለተኛው የመደመርና የመቀነስ ምልክት ነው። በጥሬ ገንዘብ ፍሰት መግለጫ ላይ የተከፈለ የትርፍ ድርሻ በቅንፍ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ ወጪ ስለሆነ። ታጉ ግን ራሱ «የተከፈለ የትርፍ ድርሻ» ነው የሚለው። ስለዚህ ቁጥሩ በፖዘቲቭ ይገባል። ቅንፉን አይቶ ኔጋቲቭ ያስገባ ሰው «ባለአክሲዮኖች ለባንኩ ከፈሉ» እንዳለ ይቆጠራል። የአሜሪካው የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ኮሚሽን ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኩባንያዎችን በዚህ ቅርጸት እንዲያቀርቡ ሲያስገድድ፣ ባለሙያዎቹ ደጋግመው ካነሷቸው ስህተቶች ውስጥ የምልክቱም የዜሮውም ስህተት አሉበት።

ሦስተኛው ለእኛ ሰው የተለየ ነው፤ ቀኑ። የባንኮቻችን ሂሳብ የሚዘጋው በአውሮፓውያኑ ጁን 30 ነው። በእኛ ሰኔ 23 ማለት ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ግን ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ያ ጁላይ 7 ነው። ኤክስቢአርኤል የሚያውቀው የአውሮፓውያኑን አቆጣጠር ብቻ ነው። የ2016 ዓ.ም. ሂሳብ 2024-06-30 ተብሎ መግባት አለበት። በልማድ 2016 ብሎ ያስገባ ሰው የስምንት ዓመት አሮጌ ሪፖርት ላከ ማለት ነው። ቀላል ይመስላል፤ ግን ሁለት ካላንደር ግድግዳው ላይ በሚሰቀልበት ቢሮ የግድ መጻፍ ያለበት መመሪያ ነው።

አራተኛው የራስን ታግ መፍጠር። ዝርዝሩ ውስጥ ያለውን በደንብ ሳይፈልጉ «የእኛ ይለያል» ብሎ አዲስ መክፈት። ሁሉም ባንክ እንዲህ ካደረገ ማወዳደር አይቻልም፤ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

«ባንኮቻችን በአይኤፍአርኤስ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች፣ ነው የሚሠሩት። የአይኤፍአርኤስን ታክሶኖሚ እንዳለ ብንወስደው አይበቃም?» (መቀሌ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህር)

ጥሩ መነሻ ነው። በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ከተቋቋመ ወዲህ ወደ አይኤፍአርኤስ ከገቡት ቀዳሚዎቹ ባንኮችና ኢንሹራንሶች ናቸው። የአይኤፍአርኤስ ፋውንዴሽን ታክሶኖሚውን ራሱ ያዘጋጃል፣ ያድሳልም። ከዜሮ መጀመር የለብንም።

ግን አይበቃም፣ መምህር። ብድርን ይውሰዱ። ለተቆጣጣሪው ሲባል ብድር ፓስ፣ ስፔሻል ሜንሽን፣ ሰብስታንዳርድ፣ ዳውትፉል፣ ሎስ ተብሎ፣ ከጤናማው እስከ ጠፋ ተብሎ እስከሚቆጠረው፣ በአምስት ይመደባል። በአይኤፍአርኤስ 9 ደግሞ በሦስት ስቴጅ ወይም ደረጃ ነው፣ ወደፊት ይደርሳል ተብሎ በሚገመት ኪሳራ ላይ ተመሥርቶ። ላይመለስ ለሚችል ብድር የሚያዘው መጠባበቂያ በሁለቱ ስሌት እኩል አይመጣም። የተቆጣጣሪው ሲበልጥ ልዩነቱ ካልተከፋፈለ ትርፍ ላይ ተነስቶ «ሬጉላቶሪ ሪስክ ሪዘርቭ» በሚባል የተለየ መጠባበቂያ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ አንድ ባንክ «የብድር መጠባበቂያህ ስንት ነው?» ቢባል ሁለት ትክክለኛ መልስ አለው። ሁለቱ የተለያየ ታግ ከሌላቸው፣ አንዱ ባንክ ይሄን፣ ሌላው ያንን አስገብቶ ሳይዋሹ ይምታታሉ።

ወለድ አልባውንም ያስቡ። ዘምዘምና ሂጅራ ሙሉ በሙሉ ወለድ አልባ ናቸው፤ ሌሎች ብዙ ባንኮችም መስኮት ከፍተዋል። የሙራባሃ ፋይናንሲንግ፣ ማለትም ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ትርፍ ጨምሮ ለደንበኛው የሚሸጥበት፣ ከወለድ ብድር ጋር በአንድ ታግ መታፈን የለበትም።

አውሮፓውያን ይህን የፈቱት ለያይተው ነው። ለባለሀብት የሚታተመው ዓመታዊ ሪፖርት በአይኤፍአርኤስ ላይ የተመሠረተ የራሱ ታክሶኖሚ አለው። ለተቆጣጣሪ የሚሄደው ደግሞ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአውሮፓ ባንክ ባለሥልጣን በሚያወጣው በሌላ ነው። እኛም ቢያንስ ልዩነቱን ከመጀመሪያው አውቀን ብንገባ ይሻላል። ይህ የሶፍትዌር ሻጭ ሥራ አይደለም። ብሔራዊ ባንክ፣ ቦርዱ፣ የካፒታል ገበያ ባለሥልጣንና የባንኮቹ የሂሳብ ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የሚጨርሱት ነው።

«የሁለት ባንክ አክሲዮን አለኝ። ይሄ ለእኔ ምን ይፈይድልኛል?» (ባሕር ዳር፣ በንግድ የሚተዳደሩ እናት)

እናቴ፣ ለእርስዎ ነው በጣም የሚጠቅመው። አሁን የሁለቱን ባንኮች ትርፍ፣ የተበላሸ ብድርና ካፒታል ለማወዳደር ሁለት ወፍራም ሪፖርት ገልጠው፣ ቁጥሩን በወረቀት መገልበጥ አለብዎ። አንዳንዱ ሪፖርት ደግሞ በስካን የገባ ነው፤ መፈለግም አይቻል። መለያ ያለው ሪፖርት ሲኖር ልጅዎ በስልኩ የአምስት ዓመቱን ጎን ለጎን ሊያሳይዎት ይችላል። በአሜሪካ ኤድጋር በሚባለው የኮሚሽኑ ቋት ማንም ሰው ያለክፍያ እንዲህ ያደርጋል።

ከጥር 2017 ዓ.ም. ወዲህ ነገሩ የበለጠ ይመለከተናል። የሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያችን ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ወጋገን ባንክ ነበር። አክሲዮን በገበያ ላይ የሚሸጥ ከሆነ፣ ሻጭም ገዢም ተመሳሳይ ቁጥር በተመሳሳይ ሰዓት ማየት አለባቸው። ትልቅ ባለሀብት ተንታኝ ይቀጥራል። እርስዎ ግን ያለዎት የታተመው ሪፖርት ብቻ ነው።

የሚነበበው ሪፖርት ይቀራል ብለው ደግሞ አይስጉ። ኢንላይን የሚባለው ዓይነት አለ። ሰነዱ አንድ ነው፤ ሰው እንደ ተራ ገጽ ያነበዋል፣ ታጎቹ ከሥር ለማሽኑ ተደብቀዋል።

«የእኔ የግል ሂሳብ ቁጥር አብሮ አይወጣም?» (አዳማ)

አይወጣም። ሪፖርቱ ድምር ነው እንጂ የደንበኛ ስም የለበትም። ጥንቃቄ የሚያሻው ሌላ መንገድ ሲመረጥ ነው። ለምሳሌ የሩዋንዳ ማዕከላዊ ባንክ መረጃን ከባንኮቹ ሲስተም በቀጥታ የሚስብ ቋት ዘርግቷል። ፈጣን ነው፤ ግን ዝርዝሩ በጥልቀት በሄደ ቁጥር ማን ምን ያያል የሚለው ሕግ አብሮ መጥበቅ አለበት።

«ባንክ ሊዋሽ ቢፈልግስ? ይሄ ይከለክለዋል?»

አይከለክልም። የተበላሸ ብድርን አድሶ ደህና ያስመሰለ ባንክ፣ ያንኑ ቁጥር በትክክለኛ ታግ ይልከዋል። ቀመሩም ያልፈዋል፤ ድምሩ ይገጥማላ። ግን አንድ ነገር ይቀየራል። የሁሉም ባንክ ቁጥር በአንድ መልክ ሲደረደር፣ ሌሎቹ ሁሉ የተበላሸ ብድራቸው ሲጨምር የአንዱ ብቻ ቢቀንስ ቶሎ ያስታውቃል። ተቆጣጣሪው መጀመሪያ የትኛውን ባንክ በር ማንኳኳት እንዳለበት ያውቃል። መሄዱና ፋይሉን ገልጦ ማየቱ ግን የሰው ሥራ ነው።

«መካከለኛ ባንክ ነን። አለቆቼ ‹መመሪያ ሲወጣ እናያለን› ይላሉ። ዛሬ ያለብዙ ወጪ ምን ልጀምር?» (አዲስ አበባ)

ሶፍትዌር አይግዙ፤ ገና ነው። ያለፈውን ዓመት የታተመ ሪፖርት ያውጡና የብድር ማብራሪያ ሰንጠረዡን ብቻ ይምረጡ። የአይኤፍአርኤስ ታክሶኖሚ ዝርዝር በነፃ ይገኛል። ሁለት ሠራተኛ፣ አንዱ ከፋይናንስ አንዱ ከብድር ክፍል፣ ሳይመካከሩ ለእያንዳንዱ መስመር ታግ ይምረጡ። ከዚያ ያነጻጽሩ።

የተለያየ ታግ የመረጡባቸው መስመሮች ላይ ነው የባንክዎ ችግር ያለው። አንዱ የሠራተኛ ብድርን ከደንበኛ ብድር ጋር ደምሮት ይሆናል። ሌላው የተጠራቀመ ወለድን ለብቻ አድርጎት ይሆናል። እያንዳንዱን መስመር ወደ ጀነራል ሌጀሩ፣ ወደ ዋናው የሂሳብ መዝገብ፣ ወርደው የትኞቹ አካውንቶች ተደምረው እንደመጡ ይጻፉ። ብዙ ቦታ «ይሄንን እገሌ በኤክሴል ነው የሚያስተካክለው» የሚል መልስ ያገኛሉ። ያ የኤክሴል ማስተካከያ ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚደረግ፣ እገሌ ፈቃድ ሲወጣ ማን እንደሚሠራው ይመዝግቡ። መመሪያው ሲመጣ ውድ የሚሆነው ይሄ ሥራ ነው፤ ሶፍትዌሩ አይደለም። ሰንጠረዡን ስትጨርሱ ደውሉልኝና ያልተስማማችሁባቸውን መስመሮች በሚቀጥለው ዝግጅት እናንሳቸው።