ብረቱ የት ጋ እንደሚበላ ቀድሞ ማወቅ

ጤና ይስጥልኝ፣ የሜንቴናንስ ሰዎችም፣ ኮምፒውተር ላይ የምትሰሩም፣ ተማሪዎችም እንኳን ደህና መጣችሁ።

ጠረጴዛው ላይ ያለው ፕሌት ከአንድ ክሬሸር፣ ማለት የድንጋይ መፍጫ፣ ስር ካለ ሹት፣ ማለት ድንጋዩ ከሚወርድበት የብረት ቦይ፣ የወጣ ላይነር ነው፣ የውስጥ ግድግዳውን የሚሸፍነው ብረት ማለት ነው፣ አዲስ እያለ 12 ሚሊ ነበር። ጠርዙን በካሊፐር ብትለኩት ዛሬም 11 ምናምን ነው፣ እዚህ መዳፍ የምታክል ቦታ ላይ ግን ይኸው ጣቴ ያልፋል።

እዛ ስሰራ ሁሌ ሌሊት ፈረቃ ላይ ይበሳል፣ ድንጋዩ ይፈሳል፣ መስመሩ ይቆማል፣ በያጁ በዛ አቧራ ጠባብ ቦታ ውስጥ ተጋድሞ ይለጥፍበታል፣ እኛ ደሞ ፕሌቱ ጥራት የለውም እያልን ወፍራም ወፍራሙን እናዛለን። ለምን ሁሌ እዛው ቦታ ብሎ የጠየቀ አልነበረም፣ እኔም አልጠየኩም፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

መልሱን'ኮ የእናቶቻችን ወፍጮ ላይ አይተነዋል። ወፍጮ እኩል አይበላም፣ መጁ ተጭኖ የሚመላለስበት ጋ ነው የሚጎደጉደው። እ.ኤ.አ. በ1953 አርቻርድ የሚባል እንግሊዛዊ ይሄንኑ በቀመር አስቀመጠው፣ ጫናውን በተንሸራተተበት ርቀት ታባዙና ለብረቱ ጥንካሬ ታካፍሉታላችሁ፣ ከዛ ኬ በምትባል፣ ያ ድንጋይ ያንን ብረት ምን ያህል እንደሚበላ በምትናገር ቁጥር ታባዙታላችሁ፣ የተበላው መጠን ይወጣል።

ግን ድንጋይ እየወረደ ሹት ውስጥ ገብቶ ጫና የሚለካ ማነው? ሲሙሌሽን፣ ማለት በኮምፒውተር አስመስሎ ማስላት፣ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ከንዳልና ስትራክ የሚባሉ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ዲ ኢ ኤም የሚባል ዘዴ እያንዳንዱን ድንጋይ ለብቻው ይከታተላል፣ ከጎኑ ካለው ጋር ሲጋጭ፣ ብረቱን ሲመታ፣ ሲንሸራተት በጣም ትንንሽ የሰከንድ ክፋይ እየቆጠረ ያሰላል። የሹቱ ግድግዳ በትንንሽ ሶስት ማዕዘን ይከፋፈላል፣ እያንዳንዷ ላይ ያረፈው ጫናና ርቀት ይጠራቀምና ወደ አርቻርድ ቀመር ይገባል፣ ብዙ የሚበላው ቦታ ስክሪኑ ላይ ቀይ ሆኖ ይታያል። ያዴን የመሰለ ነፃ ሶፍትዌር አለ፣ ብር የለንም ብላችሁ አትተዉት።

በኋላ ያንን ሹት በሲሙሌሽን ስሰራው ቀዩ ልክ ይሄ ቀዳዳ ላይ አረፈ። ጥፋቱ የፕሌቱ አልነበረም፣ ከላይ ያለው ድንጋይ የሚያመላልሰው ቤልት ድንጋዩን ወደ አንድ ጎን እያጋደለ ነበር የሚጥለው፣ እኛ በወፍራም ፕሌት ስንታገል ለካ ቤልቱን ማስተካከል ነበረብን!

ቀለሙ ብቻ ግን እንዳያታልላችሁ። የት እንደሚበላ በደንብ ያሳያል፣ በስንት ወር እንደሚያልቅ ለማወቅ ግን ኬ ትክክል መሆን አለባት፣ ኬ ደሞ ከሌላ ሰው ስራ አትቀዳም። የማዕድን ጥንካሬ በሚለካበት በሞህስ መለኪያ ኳርትዝ 7 ነው፣ የኖራ ድንጋይ ዋና ማዕድን የሆነው ካልሳይት 3፣ ስለዚህ በኖራ ድንጋይ መሀል ኳርትዝ የበዛበት ድንጋይ ከመጣ ያው ፕሌት በጣም ቶሎ ያልቃል። ደሞ የምናሰላው የጥቂት ሰከንድ ፍሰት ነው፣ ወደ ወራት የምንወስደው አባዝተን ነው፣ ብረቱ ሲጎደጉድ ደሞ የድንጋዩ መንገድ ይቀየራል፣ ቅርፁን እያደሳችሁ ደግማችሁ ካላሰላችሁት ቁጥሩ ይስታል።

ስለዚህ የምለምናችሁ፣ መስመሩ በቆመ ቁጥር ውፍረቱን በጌጅ ለኩ፣ ያው ነጥብ ላይ፣ ከቀኑና ካለፈው ቶን ጋር ፃፉት፣ ኬ የምትገኘው ከዛ ነው። አሮጌ ፕሌትም ሳይለካ ቁራሌው ጋ አይሂድ።

አሁን መብራቱን ቀነስ አርጉልኝና ሲሙሌሽኑን ላሳያችሁ፣ ፕሌቱንም እየተቀባበላችሁ በእጃችሁ ዳስሱት።