ወንድም ጋሼ ያን ቀን ለምን ጎነበሰ?

ሰላም ናችሁ? ዛሬ ሌላ ነገር ነበር ላወራችሁ ያሰብኩት። አልሆነም። ደብዳቤው መጣ። አዎ፣ የወንድም ጋሼ። ከቪኤ ነው፣ ከአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፤ የጉዳት ካሳው ውሳኔ። ለወገቡ የጉዳት መጠን 10 በመቶ ይላል። እግሩን ስለሚያደነዝዘው ነርቭ ምንም የለም።

እኔን ግን ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝ የምርመራው ቀን ነው። መርማሪው ማዕዘን መለኪያውን ይዞ «የቻልከውን ያህል ጎንበስ በል» አለው። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጫለሁ። ጎንበስ አለ። ወረደ። አሁንም ወረደ። ቤት ውስጥ እኮ ካልሲውን የማደርግለት እኔ ነኝ! ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። ግንባሩን ብቻ አልቦታል። 65 ዲግሪ ተብሎ ተጻፈ። ያምሃል ወይ ሲባል «ትንሽ» አለ። መኪና ውስጥ ገብቶ ወንበሩን ወደ ኋላ አስተኛና ዓይኑን ጨፈነ። ቤት እስክንደርስ አልተናገረም።

የቪኤን መመዘኛ አነበብኩት። ጤነኛ ወገብ ወደ ፊት 90 ዲግሪ ይጎነበሳል። ከ60 አልፎ እስከ 85 ድረስ ከሄደ 10 በመቶ። ከ30 አልፎ እስከ 60 ከሆነ 20። 30 እና ከዚያ በታች ከሆነ 40። አምስት ዲግሪ ቀደም ብሎ ቢያቆም ኖሮ እንግዲህ… ተዉት። ወደ እግር የሚወርደው ነርቭ ደግሞ ለብቻው መመዘን አለበት። ሕመሙ የሚነሳበት ጊዜም አለ። በ2017 እ.ኤ.አ. የቀድሞ ወታደሮች ይግባኝ ፍርድ ቤት መርማሪው ስለዚህ ጠይቆ ያን ጊዜ መጎንበሱ ምን ያህል እንደሚቀንስ መገመት አለበት ብሏል። ያን ቀን ማንም አልጠየቀውም። በጣም ነው የሚያናድደኝ።

ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ በውሳኔው ላልተስማማ ሰው መንገዱ ሦስት ነው። አዲስ ማስረጃ ይዞ እንደገና ማመልከት፣ በዚያው ፋይል ላይ ከፍ ያለ ገምጋሚ መጠየቅ፣ ወይም ወደ ይግባኝ ቦርድ መሄድ። አንድ ዓመት ጊዜ አለን። እኛ የመጀመሪያውን ይዘናል። የነርቭ ምርመራው ውጤት አለ። አብሮት የሚኖር ሰው ቃልም ያስፈልጋል። ያ ሰው እኔ ነኝ።

ሌሊት ምንጣፍ ላይ እንደሚተኛ ልጽፍ ነው። ከመታጠቢያ ቤት ደግፌ እንደማወጣው። «እሱን አትጻፊ» አለኝ። «እማዬ ብትሰማስ?»

እማዬ በቪዲዮ ስትደውል ተነስቶ ቆሞ ነው የሚያነሳው፤ ተኝቶ እንዳታየው። የቦሌውን የሻንጣ ታሪክ ታስታውሳላችሁ አይደል? ሁሉንም 23 ኪሎ ሻንጣ ለማንም አላስነካም ብሎ እሷ ፊት ሲያወርድ። ያኔ ስቀን ነበር። አሁን ሳስበው አያስቅም።

እና ምን እላለሁ… ያን ቀን ለመርማሪው ነው ወይስ ለእኔ የጎነበሰው? ታናሽ እህቱ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ እያየችው። ወይ ደግሞ የውትድርናው ይሆናል። ጎንበስ በል ሲሉት ይጎነበሳል። እንጃ። ልጠይቀው እልና ደግሞ እተወዋለሁ።

እንደገና ለምርመራ ሊጠሩት ይችላሉ። አብሬው ልግባ? ከገባሁ መበርታቱ አይቀርም። ውጭ ከቀረሁ ደግሞ «ትንሽ» ሲል የሚሰማ፣ አይ እንዲህ አይደለም የሚል ሰው የለም። እሱም ግቢ ወይም ቅሪ አላለኝም። እኔም ገና…